ያልታጨደው ሣር

የአስፋው ሬሳ የተገኘው በወፍ መመልከቻ መነጽር ነው። ኅዳር ዐሥራ አንድ ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ከአዲስ አበባ በመኪና ተነሥተው አንዲት ሌሊት መንዝ፣ ጓሳ ሜዳ ላይ ለማደር የመጡ ባልና ሚስት የውጭ አገር ሰዎች ገና ጎሕ ሲቀድ ከድንኳናቸው ወጡ። ገደሉን የሚዞር አሞራ ሲፈልጉ ቆዩና ባልየው መነጽሩን ወደ ታች ዝቅ አደረገ፤ ተራዋን ስትጠብቅ ለነበረችው ሚስቱ ግን ሳያቀብላት ቀረ። ከድንኳኖቹ ሁለት መቶ ርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ከአንድ ቋጥኝ ሥር፣ አስጎብኚያቸው በጀርባው ተንጋሎ ውርጭ ለብሶ ነበር።

ኢንስፔክተር ወልደ አማኑኤል ከመሐል ሜዳ ሲደርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል። ሰውየው የመርሐቤቴ ተወላጅ ነው፤ መንዝ ሲመደብ «ለአንድ ዓመት ነው» ብለውት አራተኛውን ክረምት አሳልፏል፤ ከደንብ ልብሱ ሥር ሁለት ሹራብ ይደርባል። ባለቤቱ ዘነበች ዓለም ከተማ ታስተምራለች። በካርታ ላይ በስንዝር የሚለካው መንገድ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ስለሚፈጅ፣ ባልና ሚስቱ የሚገናኙት እንደ ዓመት በዓል እየተጠባበቁ ነው። የመንዝ ልጅና የአራት ልጆች እናት የሆነችው ረዳቱ ሳጅን ይመኙሻል፣ «የእርስዎ ትዳር የሚተዳደረው በፖስታ ቤት ነው» እያለች ትቀልድበታለች። እርሱም ይስቃል፤ ሳቁ ግን ቶሎ ያልቃል።

የአስፋው የራስ ቅል ከኋላ በኩል ተሰብሯል። በቋጥኙ ጠርዝ ላይ የረጋ ደም አለ። ከሬሳው አጠገብ ሦስት እስር ሣርና አንድ ማጭድ ወድቀዋል። የጓሳው ጠባቂ ይሥሐቅ፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ረጅም ሽማግሌ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«አያ ይሥሐቅ፣ ምን የሆነ ይመስልዎታል?»

«ምን ይመስለኛል ጌታው፤ እንደሚያዩት ነው። ጓሳው ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ። ሌባ ሲያጭድ አስፋው ደርሶበታል።»

«ማጭዱን ያውቁታል?»

ሽማግሌው ወደ ገደሉ ተመለከተ። «አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። እጀታው በእሳት የተለበለበ የተሾመች ማጭድ ነው።»

በመንዝ፣ ጓሳ በሚባለው ረጅም የደጋ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይጠመዘዝበታል፣ ፍራሽ ይሞላበታል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ለዓመታት ይዘጉታል፤ በሚከፈትበት ቀን ለየቤቱ ድርሻው ይወጣል። ከዚያ በፊት ማጭድ ያነሳ ሰው አገር ያወግዘዋል። ወልደ አማኑኤል ይህን ሁሉ በወሬ ያውቀዋል፤ ነገር ግን የጤፍ አገር ሰው ነውና ሣሩን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ፣ «ይጫን» ከማለት በቀር የተለየ ነገር አልታየውም።

*

ተሾመችን ያመጣቻት ሳጅን ይመኙሻል ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ጣራዋ የሚያፈስ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት።

«ሐምሌ ላይ ጓሳ ስታጭጂ ተይዘሻል?» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ተይዣለሁ። በክረምት ልጆቼን በዝናብ ላጥባቸው እንዴ? ሁለት እስር አጨድሁ፤ አያ ይሥሐቅ ያዘኝ፤ ሽማግሌዎች ቀጡኝ፤ ማጭዴንም ወረሱኝ።»

«ለመስቀል መልሼላታለሁ ብለዋል አያ ይሥሐቅ።»

«እኔ እጅ አልደረሰም!»

«ታዲያ እርሳቸው ይዋሻሉ?»

ተሾመች ይሥሐቅ ዋሸ ብትል ማን ያምናታል? ያ ሰው በሕይወቱ አንዲት ዘለላ ሣር አልነካም፤ እርሷ ሌባ ናት።

«እሺ፣ እኔ የሰረቅሁት ሣር ነው» አለች በመጨረሻ። «ሰውማ ምን ያደርግልኛል? ጣራ አይከደንበት!»

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሴትዮዋ ግን ወዲያው ዕንባ ቀደማት። «ጌታዬ፣ ገብሴ ያለ ጠባቂ አውድማ ላይ ነው። ልጆቼ ጎረቤት ናቸው። ደብረ ብርሃን ከወሰዳችሁኝ ዓመቴ አለቀ፤ እነርሱም አለቁ።»

የጣቢያው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን የምትወርደው ሐሙስ ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር።

*

ከተጓዦቹ ሦስተኛዋ ወይዘሮ ኮከብ ይባላሉ፤ በጡረታ የተገለሉ የጂኦግራፊ መምህርት ናቸው። ለባልና ሚስቱ ያስተረጉማሉ፤ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም ሁለት ጊዜ አክሱምን እንዳዩ፣ ሦስት ጊዜ ደግሞ ስሜንን እንደ ወጡ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ይናገራሉ።

«ያ አስፋው መልካም ልጅ ነበር» አሉ። «መኪናዋ ጭቃ በያዛት ቁጥር ወርዶ ይገፋል፤ ከዚያ ጭቃውን ሳይጠርግ ስለ ጅብራ ተክልና ስለ ቀይ ቀበሮ ያስረዳናል። ትናንት ከጣርማ በር ጀምሮ ግን ዝም ብሎ ነበር። እርሱና ሾፌሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ በዚህ ጉዞ ነው የተገናኙት፤ ምሳ ላይ ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ ማታ ተጣሉ።»

«በምን ተጣሉ?»

«ፀሐይ ስትጠልቅ ድንኳኔ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። ሾፌሩ ነው የጮኸው፤ ‘እንጀራውን እየበላህ! ዛሬውኑ ንገረው፤ አለዚያ እኔው እነግረዋለሁ!’ አለ። ከዚያ የአስፋው ኮቴ ወደ ታች ሄደ።»

«ማንን ነው የሚነግረው?»

«እኔማ የአስጎብኚ ድርጅቱን ባለቤት መሰለኝ፤ እንጀራ የሚያበላው እርሱ ነዋ! ግን ልጄ፣ እኔ አስተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ የሚጮኽ ሁሉ ጥፋተኛ እንዳልሆነ አርባ ዓመት አይቼበታለሁ።»

*

ሾፌሩ አንዷለም ጠይም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣት የጎደለው የሠላሳ ዓመት ሰው ነው።

«አልተጣላንም» አለ።

«ተጣልታችኋል። ‘ንገረው’ ብለኸዋል። የድርጅቱን ንብረት አጉድሎ ነበር?»

«አስፋው? አስፋው የሰው መርፌ አይነካም።»

«እንግዲያው ማንን ነው የሚነግረው?»

ኢንስፔክተሩ ጠበቀው። ጥሩ መርማሪ መጠበቅ ያውቃል፤ እርሱም ለአራት ዓመት የዝውውር ደብዳቤ የጠበቀ ሰው ነው።

«በአንድ ሻለቃ ጦር ውስጥ ነበርን» አለ ሾፌሩ ቀስ ብሎ። «ዛላንበሳ። ሦስተኛ ጓደኛ ነበረን፤ ግንቦት ዘጠና ሁለት ላይ ወደቀ። ቤተ ሰቦቹ አልተረዱም። አስፋው የአገሩ ልጅ ስለሆነ እርሱ ሊያረዳ ነበር፤ አላደረገውም። ትናንት አልነገርኩም ሲለኝ ነው የጮኽሁበት።»

«የሟቹ ስም?»

«አልናገርም።»

«አንዷለም፣ በሰው ግድያ ልትጠየቅ ትችላለህ።»

«ልጠየቅ። እናቱ ሳትረዳ ስሙን ከሟች ጋር አልጠራም። የሰው መርዶ በፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ላይ አይጀመርም፤ እርስዎም አገር አለዎት።»

ወልደ አማኑኤል ብዕሩን አስቀመጠ። ይህ ሰው ወይ ጎበዝ ውሸታም ነው፣ ወይ ደግሞ ራሱን ሊያሳስር የተዘጋጀ ሰው አክባሪ። ለማንኛውም ብሎ ጣቢያው እንዲያድር አዘዘ።

*

ረቡዕ ጠዋት ሳጅን ይመኙሻል ማስረጃ ወደሚቀመጥበት ኤግዚቢት ክፍል ገብታ የተሾመችን ማጭድ ልትመዘግብ ስትል፣ ሳቋ ግቢውን ሞላው።

«ኢንስፔክተር! ይኼ ነው እንዴ የተሰረቀው ሣር?»

«ምን አለው?»

«እናንተ መርሐቤቴዎች! ማሽላና ሸንበቆ መለየታችሁም ይገርመኛል። ይሄ እኮ ከታጨደ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ይዩት፣ አይጥ በልቶታል። ያሽትቱት፣ የቤት ጭስ ጠጥቷል። ትናንት ሬሳው ጋ ብወርድ ኖሮ ያኔውኑ እነግርዎ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ አለ። እውነትም ጭስ ጭስ ይላል። አሁን ትዝ አለው፤ ትናንት ከሬሳው ዙሪያ የታጨደ ቦታ አላየም። ሣሩ ሁሉ ሙሉ ነበር።

«እና ገዳዩ የሣር ሌባ የገደለው ለማስመሰል ሣር ከቤቱ አምጥቷል» አለ። «እግሩ ሥር ባሕር የሚያህል ሣር እያለ፣ ማጭድም በእጁ ይዞ፣ ለምን ሦስት ጊዜ አያሳርፍበትም?»

ሳጅኗ መሣቋን ተወች። «ግዝት አለበታ። ሲዘጋ ካህን መስቀል ይዞ ይገዝታል። ጠባቂዎቹ ደግሞ ከዚያ በላይ፣ በታቦት ፊት ይምላሉ።»

«ተሾመች ግን ግዝቱን ጥሳለች።»

«ጥሳለች። እርሷ ብትሆን እዚያው ታጭደው ነበር። ሾፌሩም ቢሆን ግዝት መኖሩን መች ያውቃል? እዚያው ያጭደው ነበር።»

ሳጅኗ አንዱን እስር አንሥታ የታሰረበትን ክር በጣቷ አሸችው። ከጥቁር በግ ጠጉር የተፈተለ ነው።

«ይህ ክር ወደ ግራ ነው የዞረው» አለች። ድምፅዋ ተለውጧል። «ግራኝ ፈታይ ናት። በዚያ ሰፈር በግራዋ የምትፈትል አንዲት ሴት ብቻ ናት። እትዬ ገበያነሽ፤ የአያ ይሥሐቅ ባለቤት።»

*

ገበያነሽ እንዝርቷን ሳታስቀምጥ ተቀበለቻቸው፤ ወተት ካልጠጣችሁ ብላ ተቆጣች፤ ጾም ነው ቢሏት በራሷ ስቃ ጠላ ቀዳች። ቤቱ ሞቃትና ንጹሕ ነው። ከምሰሶው ጀርባ፣ ከቆጡ ላይ፣ በጥቁር ክር የታሰሩ የጓሳ እስሮች ተደርድረዋል።

«ይህ ሣር የምንድነው እትዬ?» አለች ሳጅኗ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ።

«የልጄ የአወቀ ድርሻ ነው። ጓሳው ሲከፈት እርሱ ግንባር ነበር፤ ሽማግሌዎች ግን ድርሻውን አልነፈጉትም። ሲመለስ ጎጆ ይወጣበታል ብዬ አበጥሬ አሰርኩት። ሦስቱን አባቱ ትናንት ገና ሳይነጋ ወሰደው፤ ‘አይጥ ገብቶበታል፣ ላናፍሰው’ ብሎ።»

ኢንስፔክተሩ ጠላውን ወደ አፉ አስጠግቶ ሳይጠጣ መለሰው። ሴትዮዋ ወደ እርሱ ዞረች፤ ፊቷ ላይ የወጣው ብርሃን ዐርባ ዓመት ቀነሰላት።

«ጌታዬ፣ እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት። ምርኮኞቹ እየተመለሱ ነው ይላል ሬዲዮኑ። አስፋው ነፍሱን ይማረውና፣ ልጄን ከምርኮኞቹ ጋር ያየው ሰው አለ ብሎን ነበር። የስማቸውን ዝርዝር አላዩም?»

«አላየሁም እናቴ» አለ ወልደ አማኑኤል። ውሸት አልነበረም፤ ግን በሕይወቱ እንዲህ የከበደው እውነት አልነበረም።

ውጭ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ወደተቀመጠው አንዷለም ሄደ፤ ከጣቢያው ያመጣው ከአስፋው ጋር የተጣሉበትን ቦታ እንዲያሳየው ነበር።

«ጓደኛህ አወቀ ይባል ነበር?»

አንዷለም ጣት በጎደለው እጁ ፊቱን ሸፈነ።

*

ይሥሐቅን ያገኙት ጓሳው መካከል፣ የማንም በግ ያልገባበትን ሜዳ ሲዞር ነው። ሲያያቸው አልሸሸም፤ ዱላውን ብቻ ሣሩ ላይ አጋደመው።

«ሣሩን ዐወቃችሁት» አለ።

«ዐወቅነው።»

«ያንኑ ፈርቼ ነበር። ግን በምን እጄ ልጨደው? በታቦት ፊት ምያለሁ።»

«ሰውስ አያ ይሥሐቅ?» አለች ይመኙሻል፤ ቁጣዋ ዕንባ አለበት።

«ሰው እገድላለሁ ብዬ መች አሰብሁ ልጄ? ላላሰብሁት ነገር አልማልሁም።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አስፋው በዚያ ምሽት ወደ እርሱ መጥቶ፣ ጉልበቱን ይዞ ነው የነገረው። ልጅህን በእጄ ቀብሬዋለሁ አለው። ለምን ዝም እንዳለ ሲጠይቀውም፣ መጀመሪያ እህል ይግባ ብዬ ነው፤ ከዚያ ጾሙ ይፈታ ብዬ፤ ከዚያ እናቱ ትሻላት ብዬ፤ ብቻዬን ማርዳት አልቻልሁም አለ።

«ሰው መርዶ ያቆያል፤ ወጉ ነው» አለ ሽማግሌው። «ቀን ይቆያል፣ ሱባዔ ይቆያል። ዓመት ተኩል! እኔ የልጄን መምጫ ስጠብቅ፣ እርሱ ቤቴ እየገባ ጠላዬን እየጠጣ ‘ይመጣል’ ይለኝ ነበር። የተናደድሁት በሞቱ አይደለም፤ አወቀን ወታደር ብዬ ሸኝቼዋለሁ። ዓመት ተኩል አላለቀስሁለትም። ልጄ ያለ ለቅሶ ተኛ። ገፋሁት። ቋጥኙ ተቀበለው።»

«ሌሊቱንስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አጠገቡ ቁጭ አልሁ። ሊነጋ ሲል ገበያነሽ ትዝ አለችኝ። እኔም ከታሰርሁ ለማን ትቀራለች? የተሾመች ማጭድ ጎጆዬ ተሰቅሎ ነበር፤ ሣሩም ከእንግዲህ ለማን? በእርሷ ላይ የተባለውን ሁሉም ስለሚያምን ነው እርሷን የሰጠኋችሁ። ከግድያው ይልቅ እርሱ ያሳፍረኛል።»

ወልደ አማኑኤል ካቴናውን አላወጣም። ሽማግሌው ዓይኑን ወደ እርሱ አነሣ።

«አንድ ነገር ልለምንህ። ገበያነሽ የልጇን ሞት ከእኔ መታሰር ጋር አትስማው። መጀመሪያ ልጇን ታልቅስ። እንደ ወጉ፣ በሰው መካከል። ከዚያ ውሰዱኝ።»

ደንቡ አይፈቅድም። ሳጅኗ ይህን ታውቃለች፤ እርሱም ያውቃል። «ነገ ማለዳ ትረዳ» አለ ኢንስፔክተሩ፤ ማታውንም ተሾመችን ከጣቢያ አስወጥቶ እስከ አውድማዋ ድረስ በመኪና ላካት።

*

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ፣ ቄስ ገብረ ክርስቶስና ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ከበው ቆሙ። ገበያነሽ በሩን ከፍታ ያን ያህል ሰው ባየች ጊዜ ማንም ቃል መናገር አላስፈለገውም። ነጠላዋ ከራሷ ወደቀ። ይሥሐቅ እያለቀሰ የልጁን ስም ጠራ፤ በዓመት ተኩል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሙታን ጋር ጠራው፤ ሜዳው ሁሉ ተቀበለው።

ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ እናትየው በሴቶች ተደግፋ፣ የልጇ የጦር ጓደኛ እንደነበር የነገሯትን አንዷለምን አስጠራችው።

«አንተ ነበርህ?»

«ነበርሁ እናቴ።»

«ማን ቀበረልኝ?»

«አስፋው። ጥይት እየዘነበ በሣንጃ ቆፍሮ። ፊቱን እንደ ሥርዓቱ ወደ ምሥራቅ አደረገው፤ የራሱን ማዕተብ ፈትቶ አሰረለት፤ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ። ተው ስንለው አልተወውም።»

ከዚያ የቀረውን ኢንስፔክተሩ ራሱ፣ ከፊቷ ተንበርክኮ፣ ባሏ ያደረገውን ነገራት። አልጮኸችም። እጇን ከሴቶቹ ትከሻ ላይ አንድ በአንድ አወረደች።

«አስፋው የሚቀበረው መቼ ነው?»

«ዛሬ፣ ስድስት ሰዓት ላይ።»

«ነጠላዬን አምጡልኝ።»

«አንቺ ሴት፣ የገዳዩ ሚስት ነሽ» አሉ አንድ ሽማግሌ ደንግጠው። «የአስፋው ወገኖች ደመኞችሽ ናቸው። ምን ብለሽ ትገቢያለሽ?»

«ልጄን አፈር ያለበሰልኝን ልጅ አፈር ሳላለብሰው እንዴት እቀመጣለሁ? ከፈለጉ ያባርሩኝ። እኔ ግን ሄጃለሁ።»

ከሴቶቹ መካከል ቀድማ የተነሣችው ተሾመች ነበረች። ምንም አላለችም፤ ክንዷን ብቻ ሰጠቻት።

ይሥሐቅ የተቀመጠባት የፖሊስ መኪና መንገዱ ዳር ቆማለች። ገበያነሽ ከመስኮቱ ስትደርስ ቆመች። ዐርባ ዓመት አብሯት የኖረውን ፊት አየችው፤ እርሱ ቀና ማለት አልቻለም።

«ለሁለቱም አልቅስ» አለችው፤ አልፋም ሄደች።

የፖሊሱ ሾፌር ሞተሩን ሲያስነሣ ወልደ አማኑኤል ትከሻውን ያዘው። «አትቅደማት።»

ወደ ቀብሩ የሚወስደው መንገድና ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው እስከ መገንጠያው አንድ ነው። መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ ከሁለቱ ሴቶች ኋላ ማዝገም ጀመረች።

«ቢያባርሯትስ?» አለች ሳጅን ይመኙሻል በሹክሹክታ።

ወልደ አማኑኤል ወደ መንገዱ ተመለከተ። ከፊት ለፊቱ፣ ነፋሱ የሚያውለበልበው ያ ነጠላ ጉብታውን ወጥቶ፣ ወርዶ፣ እንደገና ወጣ።

«ቢያባርሯትም» አለ፣ «ደርሳ ነው።»